በማርስ ደጃፍ

በአገራችን ሰው ወደ ሰው ቤት በሄደ ጊዜ ዘሎ አይገባም። ከአጥሩ በር ቆሞ «ቤቶች!» ብሎ ይጣራል። ውሻው ይጮኻል፤ ልጅ ብቅ ብሎ ያየዋል፤ ባለቤቱም «ማን ልበል?» ብሎ ከጠየቀ በኋላ «ይግቡ» ይለዋል። ከማዘውተራችን የተነሣ ይህ ልማድ መሆኑን እንኳ ረስተነዋል። እኔም ብዙ ዘመን አስቤው አላውቅም ነበር። በኋላ ያሳሰቡኝ መጻሕፍት ደግሞ ስለ ቤትና ስለ አጥር የሚናገሩ አይደሉም፤ ሰው ከዚህ ምድር ተነሥቶ ማርስ ወደምትባለው ፕላኔት ሄዶ ለመጀመሪያ ጊዜ እግሩን ሲያሳርፍባት የሚተርኩ ልብ ወለድ ታሪኮች ናቸው።

እንደነዚህ ያሉትን መጻሕፍት ማንበብ የጀመርሁት በወጣትነቴ ነው፤ ዛሬ ሽማግሌ ሆኜም አልተውኋቸውም። ወዳጆቼ ይሥቁብኛል። «ባልታየ አገር፣ በሌለ ሰው ላይ፣ ያልሆነ ነገር» ይሉኛል። እውነታቸውን ነው፤ ይህን በምጽፍበት ጊዜ ከሰው ልጅ ወገን ማርስን የረገጠ አንድም የለም። ነገር ግን ያልተደረገ ጉዞም ታሪክ አለው። ሰዎች ከመቶ ዓርባ ዓመት በላይ ይህን መንገድ በሐሳባቸው ሲሄዱት ኖረዋል፤ እያንዳንዱም መንገደኛ ከቤቱ ሲነሣ የጫነውን ጓዝ ጽፎ ትቶልናል። ወጣት አንባቢዎቼ ሆይ፣ እኔ ላሳያችሁ የምፈልገው ያን ጓዝ ነው። የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድማችሁ ዕወቁልኝ።

ነገሩ የተነሣው ከአንድ ቃል ነው። በ1877 ማርስ ወደ ምድር በቀረበች ጊዜ የሚላኖው የከዋክብት ተመራማሪ ጆቫኒ ስኪያፓሬሊ በመነጽሩ ሲመለከት በገጽዋ ላይ ቀጫጭን መስመሮች ያየ መሰለው። በቋንቋውም «ካናሊ» አላቸው። ይህ የጣልያን ቃል ውሃ ራሱ ያበጀውን መውረጃም ሰው የቆፈረውን ቦይም ያመለክታል። ወደ እንግሊዝኛ ሲሻገር ግን መውረጃው ቀረና ቦዩ ብቻ ተሻገረ። ቦይ ካለ ቆፋሪ አለ፤ ቆፋሪ ካለ አዛዥ አለ፤ አዛዥ ካለ ሕግና መንግሥት አለ። እንዲህ ሆኖ ከአንድ ቃል ግማሽ ትርጉም አንድ ሙሉ ሕዝብ ተፈጠረ።

ይህን ሕዝብ ከሁሉ ይልቅ ያሳደገው ፐርሲቫል ሎዌል የተባለ አሜሪካዊ ባለጸጋ ነው። በ1894 በአሪዞና፣ ፍላግስታፍ በምትባል ከተማ በገዛ ገንዘቡ የከዋክብት መመልከቻ አሠርቶ፣ እንቅልፉን ትቶ መስመሮቹን ይሥል ጀመር። በ1895፣ በ1906 እና በ1908 ባሳተማቸው ሦስት መጻሕፍት ማርስ እየደረቀች ያለች አሮጌ ዓለም እንደ ሆነች፣ ነዋሪዎችዋም ከዋልታዎችዋ በረዶ የሚቀልጠውን ውሃ በቦይ እየሳቡ ዕድሜያቸውን እንደሚያራዝሙ አስተማረ። ሎዌል አልዋሸም። ያየውን ነው የጻፈው። ዐይን በሩቅ ያሉትን የተበታተኑ ነጠብጣቦች በመስመር የማያያዝ ልማድ አለው፤ ልብም የወደደውን ለማየት ይቸኩላል። ትጉህ ሰው ሲሳሳት ስሕተቱ እንደ ራሱ ጠንካራ ነው፤ የሎዌልም ስሕተት እርሱ በ1916 ከሞተ በኋላ ብዙ ዓመት ኖረ። እኔ ግን አልቀየመውም፤ እርሱ ባይሳሳት ኖሮ የምነግራችሁ መጻሕፍት አብዛኞቹ አይጻፉም ነበር።

ከስኪያፓሬሊ ሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1880፣ ፐርሲ ግሬግ የተባለ እንግሊዛዊ አንድን ብቸኛ መንገደኛ የመሬትን ስበት በሚገፋ ኀይል ወደ ማርስ ላከ። መንገደኛው በደኅና ደረሰ፤ ሰዎችም አገኘ፤ ቁመታቸው አጭር፣ ሥልጣኔያቸው ረጅም ነበር። ከምድር መጣሁ ባላቸው ጊዜ ግን አላመኑትም። ከእነርሱ ዓለም በቀር ሰው የሚኖርበት ዓለም እንደሌለ በትምህርት አጽንተው ይዘውታልና፣ ከሩቅ ጠረፍ የመጣ እንግዳ ቁመት ያለው የራሳቸው ወገን አድርገው ቈጠሩት። ይህን ሳነብ በጣም ሣቅሁ። በኋላ ግን ሣቄን ዋጥሁት፤ ከአጥሬ ውጭ አገር የለም የሚል ሰው ለማየት ማርስ ድረስ መሄድ አያስፈልግም።

በ1897 ነገሩ ተገለበጠ። በዚያ ዓመት እንግሊዛዊው ኤች. ጂ. ዌልስ ማርሳውያን ራሳቸው ወደ ምድር መጥተው ለንደንን ሲያቃጥሉ የሚተርከውን ታሪኩን በመጽሔት ማውጣት ጀመረ። ዌልስ በታሪኩ መጀመሪያ ላይ አንባቢዎቹን ወደ ታዝማንያ ደሴት ይመልሳቸዋል፤ አውሮፓውያን የደሴቲቱን ተወላጆች ምን እንዳደረጓቸው አስታውሶ ማርሳውያን ያንኑ ቢያደርጉብን ለምን እናጉረመርማለን ይላቸዋል። በዚያው ዓመት ጀርመናዊው ኩርድ ላስቪትስ ሌላ ዓይነት ማርሳውያን አመጣ። የእርሱዎቹ ደጎችና አዋቂዎች ናቸው፤ የመጡትም ለማስተማር ነው። ሆኖም ሰዎች ለመማር ሲዘገዩባቸው ጊዜ አስተማሪዎቹ ገዥዎች ሆኑ፤ አውሮፓንም በሞግዚትነት ያዙ። የዌልስ ማርሳውያን የበለጠ ዝና አግኝተዋል። እኔ ግን ይበልጥ የምፈራው የላስቪትስን ነው።

ስለ ኤድጋር ራይስ ባሮውስ ብዙ አልናገርም። በ1912 የጀመረው ጀግና ጆን ካርተር መርከብ እንኳ ሳያስፈልገው ማርስ ላይ ይገኛል፤ ከዚያ በኋላ ሥራው ጎራዴ መምዘዝና ልዕልት ማዳን ነው። በልጅነቴ ቢደርሰኝ ኖሮ እንቅልፍ ይነሣኝ ነበር፤ የደረሰኝ ግን ዘግይቶ ነው።

ከመጽሐፍ ወጥቼ ስለ አንድ ፊልም ልንገራችሁ። በ1918 መጀመሪያ፣ አውሮፓ በታላቁ ጦርነት ስትታረድ፣ ከጦርነቱ ውጭ የነበረችው ዴንማርክ «የሰማይ መርከብ» የሚል ድምፅ አልባ ፊልም አወጣች። አዘጋጁ ሆልገር ማድሰን ይባላል። ሰዎች በመርከብ ተጉዘው ማርስ ይደርሳሉ፤ ነጭ የለበሱ፣ ፍራፍሬ የሚበሉ፣ መግደል የማያውቁ ሰዎችም በደስታ ይቀበሏቸዋል፤ ፍሬ ያቀርቡላቸዋል። እንግዶቹም በተራቸው እጅ ባዶ ላለመሆን ከጓዛቸው በቆርቆሮ የታሸገ ሥጋና ወይን አወጡ። አስተናጋጆቹ ሥጋ ምን እንደ ሆነ አላወቁም፤ ከወዴት እንደሚገኝ ጠየቁ። የመርከቡም አዛዥ በቃል ከማስረዳት በሥራ ማሳየት ይሻላል ብሎ ሽጉጡን መዘዘና በላዩ የምትበር ወፍ ተኵሶ ጣለ። ሕዝቡ ደንግጦ እየሮጠ ሲመጣ ከመርከበኞቹ አንዱ የሚያጠቁት መስሎት የእጅ ቦምብ ወረወረ፤ አንድ ማርሳዊም ቈሰለ።

እስቲ ልብ አድርጉት። እነዚህ ሰዎች ክፉ ለመሥራት አልመጡም። አዛዡ ጥያቄ ተጠየቀና መለሰ፤ ያ መርከበኛም ፈራ። በጦርነት የኖረ ሰው ጥያቄን በተኵስ፣ ፍርሀትን በቦምብ መመለስ እጁ ስለለመደ ብቻ፣ በዚያ ዓለም ብዙ ዘመን ያልፈሰሰ ደም በአንድ ቀን ፈሰሰ። ማርሳውያኑ ግን አልገደሏቸውም። ወደ ፍርድ ቤት አስገብተው እነርሱም በጥንት ዘመናቸው እንዲሁ ይተራረዱ እንደ ነበረ አሳይዋቸው፤ እንግዶቹም አፍረው ተጸጸቱ። ፊልሙ እንደ ሥነ ጥበብ ሲታይ ብዙ ጕድለት አለበት፤ ተዋንያኑ እጃቸውን ያለ ልክ ያወራጫሉ፤ የማርስም ሰዎች ከደግነታቸው ብዛት የተነሣ አሰልቺ ናቸው። ያች የወደቀችው ወፍ ግን ከዐይኔ አትጠፋም።

የሩስያው አሌክሲ ቶልስቶይ በ1923 ባሳተመው «አኤሊታ» ላይ አንድ መሐንዲስና አንድ ወታደር ማርስ ይወርዳሉ። መሐንዲሱ ፍቅር ይይዘዋል፤ ወታደሩ ግን ገና እንደ ደረሰ ፕላኔቷን ከአገሩ ጋር ስለ መቀላቀል ያስባል። ደራሲው ይህን ለሣቅ እንደጻፈው ግልጽ ነው። ሣቁ ያለው ግን ነገሩ እውነት በመምሰሉ ላይ ነው።

አሁን እጅግ ከምወደው ታሪክ ደረስሁ። በ1934 ስታንሊ ዋይንባም የተባለ አሜሪካዊ ወጣት «የማርስ ጉዞ» ብለን ልንተረጕመው የምንችለውን አጭር ታሪክ በመጽሔት አወጣ። ደራሲው በሚቀጥለው ዓመት መጨረሻ በ33 ዓመቱ ሞተ፤ ስሙ ግን በዚህች አንዲት ታሪክ ቀረ። አራት ሰዎች ለመጀመሪያ ጊዜ ማርስ ያርፋሉ። ከእነርሱ አንዱ ጃርቪስ ለመቃኘት ወጥቶ ትንሿ ሮኬቱ ትበላሽበትና በእግሩ ወደ ጓደኞቹ ሲመለስ፣ ሰጎን የሚመስል ፍጥረት በሌላ አውሬ ተይዞ ሲታገል ያያል። አልፎት ሊሄድ ሲል በአንገቱ ትንሽ ከረጢት እንዳንጠለጠለ ተመለከተ። ከረጢት የሚያንጠለጥል አሳቢ ፍጥረት ነው ብሎ አዳነው። ስሙም ትዊል ሆነ።

ከዚህ በኋላ ሁለቱ በበረሃው አብረው ይሄዳሉ። ጃርቪስ የትዊልን ቋንቋ ፈጽሞ ሊይዘው አልቻለም፤ ትዊል ግን ጥቂት የእንግሊዝኛ ቃላትና ቍጥር ያዘ። በእነዚያ ጥቂት ቃላት ብዙ ነገር ተናገረ። አንድና አንድ ሁለት ነው የሚለውን ስሌት የአእምሮ ምልክት አድርጎ፣ በመንገድ ያገኙት ፍጥረት አእምሮ እንዳለው ወይም እንደሌለው በዚያው ይገልጽለት ነበር። ከዚያ በፊት በማርስ ታሪኮች የውጭ ፍጥረት ወይ ጭራቅ ነበረ፣ ወይ ቆንጆ ልዕልት ነበረች፣ ወይ ነጭ የለበሰ ቅዱስ ነበረ። ትዊል ግን ከእነዚህ አንዱንም አይደለም። እንደኛ ያስባል፤ እንደኛ ግን አይደለም። በታሪኩ ፍጻሜ አካባቢ ሁለቱ በርሜል የሚመስሉ ፍጥረቶች መኖሪያ ውስጥ ይገቡና ፍጥረቶቹ በቍጣ ይነሡባቸዋል። ትዊል ረጅም ዘላይ ስለ ነበረ ብቻውን ማምለጥ ይችል ነበር፤ ነገር ግን ከወዳጁ ጎን ቆሞ ተዋጋ። ጃርቪስን ጓደኞቹ ደርሰው አዳኑት።

ፍጥረቶቹ ለምን ተቆጡ? ይህን የምናውቀው በመጨረሻዎቹ መስመሮች ነው። በመኖሪያቸው ውስጥ የታመመ ሥጋን የሚያጠፋና ጤነኛውን የማይነካ የሚያበራ ነገር ነበራቸው። ጃርቪስ ምናልባት ካንሰርን ይፈውስ ይሆናል ብሎ በኪሱ ከትቶት ወጥቶ ነበር። ወጣት ሆኜ ይህን ሳነብ ደስ አለኝ፤ ለሰው ልጅ መድኃኒት ተገኘ አልሁ። ሁለተኛ ጊዜ ያነበብሁት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ያን ጊዜ የታየኝ ጃርቪስ ሳይሆን ትዊል ነው፤ ወዳጁ ሌባ መሆኑን ሳያውቅ ሊሞትለት የቆመው ትዊል። ደራሲው በዚህ ላይ አንድ ቃል አልተናገረም። ጃርቪስን የሚወቅሰው ጓደኛም የለም፤ ታሪኩ እንደ ጨዋታ ያበቃል። መድኃኒቱ መልካም ነገር መሆኑን እኔም አልክድም። ዳሩ ግን ጠይቆት ቢሆንስ ኖሮ?

በ1938 የኦክስፎርዱ አስተማሪ ሲ. ኤስ. ሉዊስ ይህን ጥያቄ ከሥሩ አንሥቶ ጻፈበት። በመጽሐፉ ዌስተን የተባለ ታላቅ ሳይንቲስትና ዲቫይን የተባለ ወርቅ ፈላጊ፣ ራንሰም የሚባለውን የቋንቋ ሊቅ በግድ ይዘው ማርስ ይወስዱታል። ራንሰም ከእጃቸው አምልጦ ከነዋሪዎቹ ጋር ይኖራል፤ ቋንቋቸውን ይማራል። ከመካከላቸው ወዳጁ የሆነውን አንዱን ዌስተንና ዲቫይን በጠመንጃ ይገድሉበታል። በመጨረሻ ሦስቱም በዚያ ዓለም ገዥ ፊት ይቆማሉ። ዌስተን በመጀመሪያ ጨሌ እያንጠለጠለ እንደ ሕፃን ሊያባብላቸው ሞከረ። ይህ ሳይሆንለት ሲቀር በእንግሊዝኛ ታላቅ ንግግር አደረገ፤ ስለ ሥልጣኔ፣ ስለ ሳይንስ፣ ከፍ ያለው ሕይወት ዝቅ ያለውን ለመተካት ስላለው መብት ተናገረ። ራንሰምም እንዲተረጕም ታዘዘ።

ችግሩ በዚያ ቋንቋ እነዚያ ትልልቅ ቃላት የሉም። ስለዚህ ራንሰም እያንዳንዱን ቃል ፈትቶ፣ በውስጡ ያለውን ነገር አውጥቶ መናገር ነበረበት። ተፈትቶ ሲነገር ደግሞ ያ ሁሉ ክብር የለበሰ ንግግር፣ ብዙ ቤት አለን፣ ፈጥነን እንሄዳለን፣ ብዙ ሰው መግደል እንችላለን፣ ስለዚህ እናንተን ብናጠፋችሁ ጥፋት የለብንም ወደ ማለት ወረደ። ዌስተን አልዋሸም፤ ራንሰምም አልጨመረበትም።

እዚህ ላይ ከራሴ ሕይወት አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ስናገረው ደስ የሚለኝ ነገር አይደለም። ትምህርቴን እንደ ጨረስሁ መሬት ከሚለኩ ሰዎች ጋር ጸሐፊና አስተርጓሚ ሆኜ ወደ ባላገር ወጣሁ። አንድ ቀን ከአንድ ገበሬ ግቢ ደረስን። የገበያ ቀን ስለ ነበረ በቤቱ ሰው የለም፤ ከእኛም ማንም አልተጣራ። ሠራተኞቹ ጓሮ ገብተው በባቄላው መካከል ችካል ተከሉ፤ እኔም የመለኪያውን ሰንሰለት ይዤ ባቄላውን እየረገጥሁ አለፍሁ። ጥቂት ቆይቶ አንዲት አሮጊት እንስራ አዝለው ከወንዝ መጡ። አብሮን የነበረውን የውጭ አገር መሐንዲስ አይተው አልደነገጡም፤ ማን እንደ ሆንንም አልጠየቁም። «ማን አስገባችሁ?» ብቻ አሉ።

መሐንዲሱ ምን እንዳሉ ጠየቀኝ፤ ነገርሁት። እርሱም ክፉ ሰው አልነበረም፤ ባርኔጣውን አውልቆ ስለ መንገድ፣ ስለ ካርታ፣ አገሪቱ ነገ ስለምታገኘው ጥቅም ረዘም ያለ ንግግር አደረገ። እኔ ልተረጕም አፌን ስከፍት ቃላቱ ሁሉ ጠፉኝ። በእሳቸው ፊት ተፈትቶ ሲነገር ንግግሩ «ባቄላዎን የረገጥነው ለእኛ መልካም መስሎ ስለ ታየን ነው» ከማለት የሚያልፍ አልነበረም። እኔ እንደ ራንሰም አልተረጐምሁም። «እማማ፣ ይካሱዎታል ይላል» አልኋቸው። እንዲህ ያለ ቃል ከመሐንዲሱ አፍ አልወጣም። አሮጊቷ ግን አመኑኝ፤ መረቁን፤ ከእንስራቸውም ቀድተው ለሁላችንም ውሃ ሰጡን። ጠጣሁ። የሉዊስ መጽሐፍ እጄ የገባው ከዚያ ብዙ ዓመት በኋላ ነው፤ ከዚያ ገጽ ስደርስ መጽሐፉን ዘግቼ ለረጅም ጊዜ ተቀመጥሁ።

በ1950 የወጣው የሬይ ብራድበሪ «የማርስ ዜና መዋዕል» ከእነዚህ ሁሉ ይበልጥ የታወቀ ነው። በእርሱ ታሪክ ሰዎች አንድ ጊዜ ሳይሆን አራት ጊዜ ያርፋሉ። የመጀመሪያዎቹን አንድ ማርሳዊ ባል በቅናት ይገድላቸዋል፤ ሚስቱ ሳይመጡ በሕልሟ አይታቸው ነበርና። ሁለተኛዎቹ ከምድር መጣን ሲሉ እንደ እብድ ይቈጠራሉ። ሦስተኛዎቹ ደግሞ የሞቱ እናቶቻቸውና ወንድሞቻቸው በደጅ ቆመው ሲቀበሏቸው ያያሉ፤ ደስ ብሏቸው ገብተው ያድራሉ፤ ከዚያ አልጋ ግን በሕይወት አልተነሡም። እስከዚህ ድረስ የምናዝነው ለእንግዶቹ ነው። አራተኛዎቹ ሲደርሱ ከተሞቹን ባዶ አገኙ። ከእነርሱ የቀደሙት መንገደኞች በእኛ ዘንድ ልጆችን ይዞ በጥቂት ቀን የሚለቅ የሽፍታ በሽታ አምጥተው ነበርና፣ ማርሳውያኑ ከጥቂቶች በቀር አልቀዋል። ይህ ነገር ከደራሲው ራስ ብቻ የፈለቀ አይደለም፤ አውሮፓውያን አሜሪካ በደረሱ ጊዜ ከጠመንጃው ይልቅ ብዙ ሕዝብ የፈጀው ፈንጣጣውና ኩፍኙ ነበር። መርከበኞቹ በሙታኑ ከተማ ደጃፍ ጠጥተው ጠርሙሳቸውን ወደ ቦዩ ይወረውራሉ። ከመካከላቸው አንዱ፣ ስፔንደር የሚባለው፣ በዚህ እጅግ አፍሮ በጓደኞቹ ላይ መሣሪያ ያነሣል። ማፈሩን አደንቃለሁ፤ መግደሉን ግን ላደንቅለት አልችልም። ብራድበሪም ያደነቀለት አይመስለኝም።

ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1952፣ ልብ ወለድ ያልሆነ አንድ ቀጭን መጽሐፍ በጀርመን ወጣ። ጸሐፊው ቨርነር ፎን ብራውን ነው፤ በወጣትነቱ የላስቪትስን ታሪክ በፍቅር ያነበበ። 10 መርከቦችና 70 ሰዎች እንዴት ማርስ ደርሰው እንደሚመለሱ በሒሳብ አሳየ፤ የመጀመሪያዎቹ በዋልታው በረዶ ላይ አርፈው እስከ ምድር ወገብዋ 6,500 ኪሎ ሜትር ያህል በመኪና እንዲሄዱ አቀደ። ሌሎች ያለሙትን እርሱ ቈጠረው። ነገር ግን ይህ ሰው በጦርነቱ ጊዜ የሠራው ቪ-2 የተባለው ሮኬት የተገጣጠመው ከመሬት በታች በባርነት በሚሠሩ እስረኞች እጅ ነው፤ በዚያም የእስረኞች ሰፈር በሺህ የሚቈጠሩ ሰዎች ሞተዋል። ፎን ብራውን ያን ፋብሪካ ሄዶ ያውቀዋል። በ70ዎቹ መንገደኞች ጓዝ ውስጥ እያንዳንዱ ኪሎ ነዳጅና ምግብ ተመዝኗል። ይህኛው ግን በሚዛኑ ላይ አልወጣም።

በሐምሌ 1965 ማሪነር 4 የተባለችው የአሜሪካ መንኰራኵር በማርስ አጠገብ አልፋ 21 ሥዕሎች ላከች። ቦይ የለም፤ ከተማ የለም፤ እንደ ጨረቃ በተወርዋሪ ድንጋዮች የተቦዳደሰ ደረቅ መሬት ነው። የአየሯም ግፊት ከእኛ አየር ከመቶ አንድ እጅ እንኳ እንደማይሞላ ታወቀ። ሰማንያ ስምንት ዓመት የኖረው የስኪያፓሬሊ ቃል በአንድ ሳምንት ሞተ። ቤቱ ባዶ ነበረ።

አንዳንድ ሰዎች ይህን ሲሰሙ እፎይ አሉ፤ ባለቤት ከሌለ በደል የለም ብለው። ደራስያን ግን እፎይ አላሉም። ኪም ስታንሊ ሮቢንሰን በ1992 በጻፈው «ቀይ ማርስ» ላይ የሚጣሉት ሰዎችና ማርሳውያን ሳይሆኑ ሰዎችና ሰዎች ናቸው። አን የምትባለው የድንጋይ ተመራማሪ ዓለሟ እንዳለች ትቅር፣ ድንጋይም ቢሆን የራሱ መሆን አለው ትላለች፤ ሳክስ የሚባለው ሳይንቲስት ደግሞ አየሯን አሙቀን ሕይወት እንዝራባት ይላል። ማርስን መጀመሪያ የረገጠው ጆን ቡን በገዛ ጓደኛው ሴራ ይገደላል። አንዲ ዊር በ2011 ራሱ ያሳተመው «ማርሳዊው» ደግሞ አንድ ሰው ብቻውን ማርስ ላይ ቀርቶ ድንች ዘርቶ ሲኖር ያሳያል። ብልሃቱን ወድጄዋለሁ፤ ሁለት ሌሊት አንብቤ ጨረስሁት። ዳሩ ግን በዚያ መጽሐፍ ውስጥ ብርድና ረኀብ እንጂ የሚታፈር ፊት የለም። አሮጌዎቹን ታሪኮች የምመርጠው ምናልባት ስላረጀሁ ይሆናል።

ከዚህ ሁሉ ልብ ወለድ መካከል አንድ በእውነት የተደረገ ነገር አለ። በ1967 መንግሥታት ስለ ጠፈር በተስማሙበት ውል ጨረቃም ሆነች ሌሎቹ የሰማይ አካላት የማንም መንግሥት ንብረት እንዳይሆኑ፣ ጐጂ በሆነ ነገርም እንዳይበከሉ ተጽፏል። በ1975 ቫይኪንግ የተባሉት ሁለት መሣሪያዎች ማርስ ላይ ሕይወት ለመፈለግ ከመላካቸው በፊት፣ ከምድር ተሐዋስያን ይዘው እንዳይሄዱ ተጠርገው፣ ታሽገው፣ ከመቶ ዲግሪ በላይ በጋለ ክፍል ውስጥ ለብዙ ሰዓቶች ተቀመጡ። በእኛ አገር እንግዳ ከማዕድ በፊት የእጅ ውሃ ይቀርብለታል። እነዚህ ግን ቤቱ ባዶ ሊሆን እንደሚችል እያወቁ ገና ከቤታቸው ሳይወጡ ታጠቡ። የታጠቡትም እንዳይታመሙ ሳይሆን እንዳያሳምሙ ነው።

ሰው ግን እንዲህ ሊታጠብ አይችልም። በአንጀቱ ብቻ በትሪልዮን የሚቈጠሩ ተሐዋስያን ይዞ ይሄዳል፤ በጋለ ክፍል ቢያስገቡት ይሞታል፤ የልብሱም ስፌት ያፈስሳል። ስለዚህ ሊቃውንቱ ዛሬም ይከራከራሉ። በማርስ መሬት ውስጥ ጨዋማ ውሃ ሊኖር በሚችልባቸው ስፍራዎች፣ በዐይን የማይታይ ነዋሪ ቢኖር እንዳይጠፋ፣ በጥንቃቄ ያልጸዳ መሣሪያ እንዳይገባ ደንብ አውጥተዋል። በእነዚያ ስፍራዎች ማን እንደሚኖር የሚያውቅ የለም። ምናልባት ማንም የለ ይሆናል። ማርስ እጅግ በቀረበችበት ጊዜ እንኳ ከዚህ የተላከ የሬዲዮ ድምፅ ሦስት ደቂቃ ሄዶ፣ ለመመለስ ሦስት ደቂቃ ይፈልጋል። ሰዎቹ ከአጥሩ ውጭ ቆመው እየተጣሩ ነው፤ እስካሁን ብቅ ያለ ልጅ የለም።